እናቴ የነበረችበት ዲስክ

ያን ጊዜ ነገሌ ቦረና ውስጥ ኮምፒውተር የገባበት መኖሪያ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከነዚያ አንዱ የኛ ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ሰፈር ውስጥ «የነስሩ ኮምፒውተር» ሲባል መስማት ለእኔ እንደ ሹመት ነበር። ነስሩ እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ፊልም ነበር የማየው። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ኮምፒውተሩን የገዛልኝ «ለትምህርቱ ያግዘዋል» ብሎ ነው። ምን እንዳገዘኝ ቀጥሎ ታያላችሁ።

የኮምፒውተሩ ዲስክ አርባ ጊጋ ነበር። ዛሬ ለአንድ ስልክ የማይበቃ ነገር፣ ያኔ ግን መቼም የማይሞላ ጎተራ መስሎኝ ነበር። ሞላ። የህንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ የኳስ ጌም፣ ዘፈን በዘፈን ላይ። አንድ አዲስ ለማስገባት አንድ የድሮ ማጥፋት ግዴታ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ያየሁትንም ፊልም ማጥፋት የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። አላጠፋውም ብቻ ሳይሆን አልነካውም ያልኩት ግን አንድ ፎልደር ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ሰሚራ ስታገባ፣ ከሰርጉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ለብቻቸው እጃቸውን ሂና የሚቀቡበት ጨዋታ ነበራቸው። እዚያ ወንድ አይገባም። ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴ ልጅ በትንሽ ካሜራ ሙሉውን ቀረጸችው። እናቴ ፎቶ መነሳት የማትወድ ሴት ነበረች። በዕድሜዋ ሙሉ የነበራት ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ያልሆነችውን ቁጡ ሴት ያስመስላታል። የዚያን ቀን ግን ሻሿን ጥላ፣ ከበሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባገሯ ቋንቋ እዚያው እየገጠመች ዘፈነች አሉ። «አሉ» የምለው ስላላየሁት ነው።

በማግስቱ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ እናቴ የካሜራውን ሚሞሪ በመሀረብ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች።

«ነስሩ፣ አንተ ይሄን ዕቃ ታውቅበታለህ። እዚህ ውስጥ አስቀምጥልኝ። ግን የወንድ ዓይን እንዳያርፍበት። ያንተም ቢሆን።»

«እማ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም እንዴ?»

«እኔ ብቻዬን ብሆን ግድ አልነበረኝም። ራሳቸውን የገለጡ የሰው ሚስቶች፣ የሰው ልጆች አሉበት። እኔን አምነው ነው የተቀረጹት። ማልልኝ።»

«ወላሂ አላይም!»

እየሳቅኩ ነው የማልኩት። ፋይሎቹን ስገለብጥ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር፤ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ትጠብቀኝ ነበራ። ፎልደሩን «ሂና» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና ድብቅ አደረግሁት። ዲስኩን የከፈተ ሰው ፊልሞቼን ሁሉ ያያል፣ እሷን አያይም። መግቢያውን ለሰሚራ ብቻ አሳየኋት፤ ከላይ ባለው ረጅም ሳጥን ላይ የፎልደሩን ስም ስትጽፍ ይከፈትላታል።

አንድ ቀን ሰሚራ ከዚያ ክፍል እየሳቀች ወጣችና፣ «አንተንም ዘፍናልሃለች እኮ» አለችኝ።

«ምን ብላ?»

እናቴ ጓዳ ሆና ሰማችን። «እንዳትነግሪው! ሲያገባ ይሰማዋል። ያኔ ምስሉን ሸፍነሽ ድምፁን ብቻ ታሰሚዋለሽ።»

ከሰርጉ በኋላ ዓመት ሳይሞላ እናቴ በጉበት በሽታ ሞተች። ሦስት ሳምንት አልፈጀባትም። ከዚያ በኋላ ሰሚራ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ከባሏ ቤት ትመጣና ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ገብታ በሩን ትዘጋለች። ድምፁን ዝቅ ታደርገዋለች። አባቴ ያን ሰዓት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሐውን ይዞ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አየር ልቀበል ነው ይላል እንጂ እዚያ ጋ ምንም አየር የለም። ከበሮው ብቻ ነው እንደ ሩቅ ሰው ኮቴ የሚሰማው።

እንግዲህ ዲስኩ ሞላ አልኳችሁ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ጃርሶ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የሊበን ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ግን የማያርፍ። ከሞያሌ በኩል መቶ ስልሳ ጊጋ ዲስክ መጥቶልኛል አለኝ።

«አሮጌውን ትተውልኛለህ፣ ልዩነቱን ትጨምራለህ፣ አለቀ!»

አሠራሩ ይኸው ነበር። አሮጌ ዲስክ ያለው ሰው ከአዲሱ ጋር ይለውጣል፤ አሮጌው ደግሞ ወደሌላ ሰው ይሄዳል። ብዙም አላሰብኩበትም። የአራት እጥፍ ቦታ በዓይኔ ይዞር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጃርሶ ቤት ድረስ መጥቶ የኮምፒውተሩን ጎን ፈትቶ ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን አሰረልኝ። ዊንዶውሱን አዲሱ ላይ ጫነና «ዕቃህን አንተው ገልብጥ፣ ከሰዓት መጥቼ አሮጌውን እፈታለሁ» ብሎኝ ሄደ። አሮጌውን ከፈትኩ። ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ተጫንኩ። አንዲት ትንሽ ሳጥን በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፋ ብቅ አለች። አላነበብኳትም። እሺ ብዬ ዘጋኋት። ከዚያ ገልብጥ፣ ለጥፍ። ፊልሞቼ አንድ በአንድ ሲያልፉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ።

«ሂና»ስ? ሁሉንም ነዋ የመረጥኩት። እሷም አብራ እንደሄደች አልተጠራጠርኩም። ገብቼ እንዳላይ ደግሞ ምያለሁ። ከሰዓት ጃርሶ መጣ፣ አሮጌውን ፈታ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ሁለት ቀን በደስታ ሰከርኩ። ረቡዕ ከሰዓት ጃርሶ ሱቅ ጎራ አልኩ።

«አካም ነስሩ! ናጋ? አዲሱ እንዴት ነው?»

«በጣም አሪፍ ነው። አሮጌውንስ አጸዳኸው?»

«ለምን አጸዳዋለሁ?» ብሎ ሳቀ። «ባዶ ዲስክ ማን ይገዛል? ትናንት ነው የሄደው። የሸጠው እኮ ያንተ ፊልም ነው!»

ጃርሶ ሁሌም እንደሚያጸዳው እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንዲያጸዳው ግን አልነገርኩትም። የእናቴ ገላጣ ራስ፣ የጎረቤቶቻችን ሚስቶች፣ የሰሚራ ጓደኞች፣ እናቴን አምነው ሻሻቸውን የጣሉ ሴቶች ሁሉ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተሸጡ። መደበቁ ምንም ዋስትና አልነበረውም፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው አንድ ቁልፍ ቢነካ ይገለጣል። አንዴ ከተገለጠ ደግሞ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ወጥቶባት እጮኛዋ የተዋት ልጅ አውቃለሁ።

«ማን ወሰደው?»

«ምነው ፊትህ ተለወጠ? ምን ነበረበት?»

«የግል ነገር ነው።»

ጃርሶ አንድ ዓይኑን ጠቀሰኝ። «ኤዲያ! የምን የግል…»

አንገቱን አንቄ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩት። በሕይወቴ ሰው ስነካ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «እናቴ ናት ያለችበት!» አልኩት። ፈገግታው ጠፋ። የእናቴን ቀብር ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር።

«ዋቃዮ!» አለ ቀስ ብሎ። «ነስሩ፣ በአምላክ፣ አላወቅኩም። ዱብሉቅ ነው የሄደው። ኦቦ ጋልገሎ ይባላሉ። አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት አላቸው፣ ፊልም ያሳዩበታል። ስልካቸው የለኝም።» የተከፈለውን ገንዘብ ከመሳቢያው አውጥቶ ሳይቆጥር ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ለአባቴ ያቤሎ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ብዬ ዋሸሁት። «አላህ ይርዳህ» ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱ ወጋኝ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ከብት ጭኖ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ላይ ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። ዳዋ ወንዝን ተሻግረን ዋጭሌን እስክናልፍ ድረስ ያየሁትን አላስታውስም። ቀይ አቧራ ብቻ። በልቤ አንድ ሰው ሻይ እየጠጣ፣ አንድ ቁልፍ ሲነካ፣ ሌሎቹ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው አንገታቸውን ሲያሰግጉ እያየሁ ነበር። ሾፌሩ አንድ ሁለቴ ሊያጫውተኝ ሞከረና ተወኝ።

መንገድ ላይ አንድ ኬላ አስቆመን። ፈታሾቹ የእያንዳንዱን ሰው ሻንጣ አወረዱ። ከኋላ ከተጫኑት አንዷ ሴት የዱቄት ከረጢት ውስጥ ሦስት አዳዲስ ስልኮች ተገኙባት።

«ደረሰኝ አለሽ?»

«ለልጆቼ ነው፣ ወንድሜ።»

«ደረሰኝ?»

አልነበራትም፤ ስልኮቹ ተያዙ። ሰዎቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት፣ አልፈርድም። እኔ ግን ስመለስ እጄ ላይ የሚኖረውን ነገር አሰብኩ። ደረሰኝ የሌለው የኮምፒውተር ዕቃ፣ ከሞያሌ መንገድ የመጣ። እሱም ይያዛል፤ ከዚያ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ይህቺ ሐሳብ እዚያው ኬላ ላይ ገብታ አብራኝ ተሳፈረች።

ዱብሉቅ የደረስኩት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ኤላ ከሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ጠጥተው የሚመለሱ ከብቶች አስፋልቱን ሞልተውታል። የኦቦ ጋልገሎን ሻይ ቤት ለመጠየቅ አፌን ሳልከፍት ድምፅ ሰማሁ። የሴቶች ዘፈን። ከበሮ። ጭብጨባ። ከዚያ የወንዶች ሳቅ።

እዚያው ከብቶቹ መሀል ቆምኩ። «አበቃ» አልኩ። ለመግባት ያስፈለገኝ ድፍረት ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም፤ የበሩን መጋረጃ ገልጬ ገባሁ። አምስት ስድስት ጎልማሶች ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ቴሌቪዥን ያያሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቢጫ ሳሪ የለበሱ ሴቶች ተራራ ሥር ይጨፍራሉ።

የህንድ ፊልም ነበር። የራሴ የህንድ ፊልም፤ ከአሥር ጊዜ በላይ ያየሁት። በሩን ይዤ እንደ እብድ ሳቅኩ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ።

ኦቦ ጋልገሎ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሰው ናቸው። «ናጋ? ናጋ ጂርታ? ከሩቅ ነው የመጣኸው፣ አቧራህ ይናገራል» አሉና ውሃ ሰጡኝ። ወደ ጓዳ ይዣቸው ገባሁና በአማርኛዬ ላይ ኦሮምኛዬን እየጨመርኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዲስኩን፣ የሴቶቹን ሂና፣ መሐላዬን። አላቋረጡኝም።

«ሌላ ሰው ነክቶት ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ የማውቀው ማጫወትና መዝጋት ነው። አንድ አስተማሪ ግን ትናንት የኳስ ግጥሚያ ፈልጎ ሲጎረጉር ነበር።»

«ምን አገኘ?»

«ግጥሚያ አጣና ሄደ።» ትከሻዬን ያዙ። «የእናትህ ከሆነ ያንተ ነው፣ ውሰደው። ገንዘቡን አትቁጠርብኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ሰዎቹ ፊልሙን ጀምረውታል። ይጨርሱ፣ እሺ?»

እንዴት እምቢ እላለሁ? እናቴ ባለችበት ዲስክ ላይ የሚዞረውን የህንድ ፊልም ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ ሰዓት ተኩል። የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ጀግናው ተደብድቦ ይነሳል፣ እናቱን ያገኛል። ዓይኔን ከማውሱ ላይ አላነሳሁም። አንድ ሰው እጁን ወደዚያ በዘረጋ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እል ነበር።

ሲያልቅ ራሴ ሄጄ የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ፊልሞቼ ሁሉ አሉ። «ሂና» የለችም። እንደተደበቀች ናት ማለት ነው፣ ማንም አልደረሰባትም። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ። ኮምፒውተሩን ፈትቼ ዲስኩን አወጣሁት። ትኩስ ነበር።

«አሁን ምን ታደርገዋለህ?» አሉ ኦቦ ጋልገሎ።

«እሰብረዋለሁ።»

«ትሰብረዋለህ?»

«በኬላው ይዤው ማለፍ አልችልም፤ ደረሰኝ የለኝም። ከወሰዱት እንደገና የሰው እጅ ይገባል። ቢያጠፉትም የጠፋ ነገር የሚመልሱ ሰዎች አሉ።»

«እናትህ እኮ እዚህ ውስጥ ናት አልክ።»

«ቤት ሌላ ቅጂ አለ። ገልብጬዋለሁ።»

«አይተኸዋል?»

«አላይም ብዬ ምያለሁ አልኩዎት።»

«እኔ ከብት ኤላ ላይ ወርዶ ሲጠጣ በዓይኔ ካላየሁ ጠጥቷል ብዬ ቤት አልገባም። አንተ ሳታየው እንዴት አለ ትላለህ?»

«አባቴ፣ ኮምፒውተር እንደ ከብት አይደለም» አልኳቸው።

ይህችን ንግግሬን እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ፊቴ ይቃጠላል። የተማርኩት እኔ ነበርኩ እኮ! እሳቸው ማጫወትና መዝጋት ብቻ የሚያውቁ፣ እኔ የኮሌጅ ምሩቅ። ሊከራከሩኝ አልፈለጉም። መዶሻ አምጥተው ሰጡኝ።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ አንድ ግራር አለ። ዲስኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ «ቢስሚላህ» ብዬ መታሁት። ክዳኑ እስኪሰምጥ፣ ውስጡ ያለው እንደ መስታወት የሚያበራ ክብ ብረት እስኪታጠፍ መታሁት። እጄ እስኪደክም። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ የሰው አደራ የጠበቀ ሰው ኩራት ነበር። እናቴ የምታየኝ መሰለኝ። ስብርባሪውን በእጄ ከግራሩ ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት። ኦቦ ጋልገሎ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ አፈሩን ስመልስ ቀረብ ብለው በእግራቸው ደለደሉልኝ። አሳደሩኝ፣ ወተት አጠጡኝ፣ ገንዘቡንም አልቀበልም ብለው በብዙ ልመና ነው የወሰዱት።

አርብ ስመለስ ኬላው ላይ ሻንጣዬን በረበሩት። ሸሚዝና ፎጣ ብቻ አገኙ። «እንኳን ሰበርኩት!» አልኩ በሆዴ።

ቤት ስደርስ ጁምዓ ተሰግዶ ካበቃ ቆይቷል። የሰሚራ ጫማ በር ላይ አለ። አባቴ እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ ነው፤ የኮምፒውተሩ ክፍል በር ግን አልተዘጋም። ሰሚራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች።

«ነስሩ መጣህ? ና እስቲ፣ አልከፍት አለኝ። አዲሱ ላይ መንገዱ ተለወጠ እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስሙን በትክክል ነው የጻፈችው። ኮምፒውተሩ የሚመልስላት ግን «ላገኘው አልቻልኩም» እያለ ነው። ቁልፎቹን ተቀብያት ራሴ ጻፍኩ። ላገኘው አልቻልኩም። ድብቅ የሆነው ሁሉ እንዲገለጥ የሚያደርገውን አዘዝኩ። ፊልሞቼ፣ ዘፈኖቼ፣ የኳስ ጌሜ። ሌላ ምንም የለም። በጠቅላላው ፈለግሁ። ከግማሽ በላይ ባዶ የሆነ ሰፊ ዲስክ፣ ውስጡ እናቴ የለችበትም።

የሰኞዋ ትንሽ ሳጥን ያኔ ትዝ አለችኝ። ምን እንዳለችኝ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቅ ስትል ነው። እዚህ ቦታ የተደበቀ ነገር አለ፣ እሱ አልተመረጠም፣ ነበር የምትለው። ነግራኝ ነበር። እሺ አልኳት።

«አሮጌው የት አለ?» አለች ሰሚራ። ድምፅዋ ገና አልተለወጠም። «ጃርሶ ጋ ነው? እንሂዳ!»

ሁሉንም ነገርኳት። ዱብሉቅን፣ ኬላውን፣ ግራሩን። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እጄን አየች፤ ከመዶሻው ጥፍሬ ሥር ደም ቋጥሮ ነበር።

«ሰበርከው? በዚህ እጅህ?»

«ለእማ ብዬ ነው።»

«ለእማ» አለች፣ እንደ ጥያቄም እንደ መልስም። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናታችን የሞተች ዕለት እንኳን እንደዚያ ሆና አላየኋትም። ያኔ ሰው ሁሉ ይዟት ነበር፤ አሁን የሚይዛት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔን ደግሞ አልፈለገችኝም።

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላየሁም። ሙስበሐው እጁ ላይ ቆሟል።

«የሰዎቹ ሚስቶች አልታዩም?» አለኝ።

«አልታዩም አባባ።»

«ማንም አላየም?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አደራዋን ጠብቀሃል» አለ። ከዚያ ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አንስቶ ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ያ ወንበር ከዚያ በኋላ ወደዚያ በር አልተመለሰም።

አንባቢዎቼ፣ አባቴ ሊያጽናናኝ ያለው ነገር እውነት ስለሆነ ነው የማያጽናናኝ። ልክ ያደረግሁት ነገርና ያጠፋሁት ነገር አንድ መዶሻ ነው። ስብርባሪውን ቆፍሬ አውጥቼ አዲስ አበባ ድረስ ይዤ ሄጃለሁ፤ ባለሙያው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ብረት ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ፊልም ማየት ተውኩ። ዛሬ የራሴ የጥገና ሱቅ አለኝ። ዲስክ ሊያሳድግ የሚመጣ ሰው ሁሉ አጉል ጠርጣራ ነው ይለኛል። አሮጌውን ዲስክ ሳምንት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ሳልነካው አቆያለሁ። «ሁሉም ተገልብጧል» ሲሉኝ «ከፍተህ አይተሃል?» እላለሁ። የተደበቀ ነገርና የሌለ ነገር ለዓይን አንድ ናቸውና። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ያለውን የሞተ ሰው ድምፅ ዛሬ ማታ ክፈቱት። መኖሩን ብቻ ሳይሆን ቃሉን ያዙት። ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ላብቃ።

ሰሚራ ለወራት አላናገረችኝም። ስትታረቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነበር። «እኔን ምን ብላ ነበር የዘፈነችኝ?»

ረጅም ጊዜ አሰበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ልትይዘው ትሞክራለች፣ ያመልጣታል። «ስምህ አለበት» አለች። «መጀመሪያ የኔ ነው፣ ከዚያ የአባባ፣ ከዚያ ያንተ። ዜማውን አውቀዋለሁ። ቃሉን ግን… ሁልጊዜ እዚያ አለ ብዬ አልያዝኩትም ነበር፣ ነስሩ። አርብ በመጣሁ ቁጥር አገኘዋለሁ ብዬ።»

ሌሎቹን ሴቶች ጠየቅን። ሁሉም እንደዘፈነች ያስታውሳሉ፣ ምን እንዳለች የሚያስታውስ የለም።

ከአራት ዓመት በኋላ አገባሁ። ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ሴቶቹ ቤታችን ውስጥ ለሂና ተሰበሰቡ፤ ማንም ካሜራ አልያዘም። እኔ ግቢው ውስጥ ከአባቴ ጋር ተቀምጬ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ሰሚራ የእናታችንን ከበሮ ይዛለች። የራሷን ስንኝ እንዳስታወሰችው ዘፈነች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። የአባቴን ዘፈነች፤ አባቴ ጎንበስ አለ። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። ስሜን ጠራችው፣ «ነስሩ» አለች፤ ሴቶቹ ለመቀበል ዝም አሉ።

ቃል አልመጣም። ሰሚራ ከበሮውን ብቻ መታች፣ ስንኙ የሚያህል ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው።